የዓለት ስንጥቅ እና ኖራ ሠሪዎቹ ባክቴሪያዎች

ዛሬ የምናወራው በዓለት ስንጥቅ ስለሚያመልጥ ውሃና ያንን ስንጥቅ በኖራ እንዲደፍኑ ወደ ከርሰ ምድር ስለሚላኩ ባክቴሪያዎች ነው። ጉዳዩ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ በመስክ ተሞክሯል፤ በብሪታንያ እና በአሜሪካዋ አላባማ ግዛት የተደረጉትን ሙከራዎች ጠጋ ብለን እናያለን። ከዚያ በፊት ግን አንድ ስንጥቅ ምን ያህል ውሃ እንደሚያሳልፍ እንወቅ። ይህን ያልተረዳ ሰው የቀረውን ነገር ትርጉም አያገኝለትም።

ከደብተራችሁ አንድ ቅጠል ገልጣችሁ በሁለት ጣት ያዙት። ውፍረቱ የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። አሁን ደግሞ ክፍተቱ የዚያች ወረቀት ውፍረት ብቻ፣ ወርዱ ደግሞ አንድ ሜትር የሆነ ስንጥቅ በዓለት ውስጥ ቁልቁል ወርዶ አስቡ። የስንጥቁ ሁለት ፊቶች ለስላሳ ቢሆኑና ውሃው በራሱ ክብደት ቢወርድ፣ በ24 ሰዓት 70 ሊትር ያህል ያልፋል፤ ሦስት ጀሪካን ተኩል መሆኑ ነው። ክፍተቱ አንድ ሚሊሜትር ቢሆንስ? አሥር እጥፍ ስለሰፋ ውሃውም አሥር እጥፍ፣ ማለትም 700 ሊትር ይሆናል ብላችሁ ገምታችሁ ይሆናል። መልሱ ግን 70,000 ሊትር ነው። በስንጥቅ የሚያልፍ ውሃ የሚጨምረው በክፍተቱ ልክ አይደለም፤ በክፍተቱ ኩብ ነው። ክፍተቱ ሁለት እጥፍ ሲሰፋ ፍሰቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ አሥር እጥፍ ሲሰፋ ሺህ እጥፍ።

ሕጉ በተቃራኒውም ይሠራል፤ ለጠጋኙ ሰው ተስፋ የሚሰጠውም ይህ ነው። ስንጥቁን ሙሉ በሙሉ መድፈን ባይችል እንኳ ክፍተቱን በግማሽ ቢያጠብበው ፍሰቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርድለታል። እርግጥ ነው የተፈጥሮ ዓለት ስንጥቅ ለስላሳ አይደለም። አንዱ ቦታ ይጠባል፣ ሌላው ይሰፋል፣ ውሃውም እንደ ልቡ የሚሄድባቸውን መንገዶች መርጦ ይፈስሳል። ይህን ለጊዜው በልባችሁ ያዙት፤ ኋላ ላይ ችግር ሆኖ ይመጣል።

ግድብ ሲሠራ፣ የባቡር ወይም የውሃ ዋሻ ሲቆፈር፣ ማዕድን ሲወጣ፣ የዓለት ስንጥቅ የሚደፈነው በአብዛኛው በሲሚንቶ ነው። ዓለቱ በተወሰነ ርቀት ይበሳል፤ በውሃ የተበጠበጠ ሲሚንቶ በየቀዳዳው በግፊት ይገባል። ባለሙያዎቹ ግራውቲንግ ይሉታል። ዘዴው የተፈተነ ነው፤ ሰፋ ላለ ስንጥቅ ዛሬም ከእሱ የተሻለ የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሲሚንቶ ግን ምንም ቢልም ቅንጣት ነው። የተራ ሲሚንቶ ትልልቆቹ ቅንጣቶች ወደ 100 ማይክሮን ይጠጋሉ፤ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። በሙያው የተለመደው መመሪያ ደግሞ ስንጥቁ ከትልቁ ቅንጣት በሦስት እጥፍ ያህል መስፋት አለበት የሚል ነው። ከዚያ የጠበበ ስንጥቅ ሲያጋጥመው ሲሚንቶው በወንፊት ላይ እንደሚቀር ግርድ አፉ ላይ ተከማችቶ ይቀራል፤ ውሃው ከኋላው መንገዱን ይቀጥላል። የቅንጣቱ መጠን ከ20 ማይክሮን የማይበልጥ፣ እጅግ የተፈጨ ሲሚንቶ አለ፤ ዋጋው ግን ከተራው በጣም ይወደዳል፣ ለእሱም ቢሆን የማይገባበት ስንጥቅ ሞልቷል።

ጠባቡ ስንጥቅ የሚያሳስባቸው ቦታዎች ጥቂት አይደሉም። ፊንላንድ የኑክሌር ቆሻሻዋን ለመቅበር ኦንካሎ በተባለ ስፍራ ከ400 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ዋሻ በዓለት ውስጥ ቆፍራለች። እዚያ ቆሻሻው ለብዙ ሺህ ዓመታት መቀመጥ ስላለበት ጥቂት ጠብታ ውሃም ቢሆን አይናቅም። የነዳጅና የጋዝ ጉድጓዶችም አሉ፤ በጉድጓዱ ቧንቧ ዙሪያ ባለ ቀጭን ክፍተት ጋዝ ሾልኮ ሰው ወደሚጠጣው ውሃ ሊገባ ይችላል። የውሃ መሐንዲሶች፣ የጂኦሎጂ ሰዎች እና የማይክሮባዮሎጂ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንዲቀመጡ ያደረጋቸው ይኸው ጥያቄ ነው፤ ቅንጣት በማይገባበት ስንጥቅ ምን ይግባ?

ከመልሶቹ አንዱ ውሃ ራሱ ይግባ የሚል ሆነ። እንደ ውሃ ቀጥኖ ገብቶ፣ ከገባ በኋላ ድንጋይ የሚሆን ነገር ከተገኘ ማለት ነው።

ስፖሮሳርሲና ፓስቱሪ የሚባል ባክቴሪያ አለ። በቀድሞ ስሙ ባሲለስ ፓስቱሪ ይባል ነበር፤ በቆዩ መጻሕፍት የምታገኙት በዚያ ስም ነው። በአፈር ውስጥ የሚኖር፣ ሰውን የማያሳምም፣ ርዝመቱ ሁለት ሦስት ማይክሮን የሆነ ፍጥረት ነው። ከሲሚንቶው ትልቅ ቅንጣት ጋር ስታስተያዩት፣ ባክቴሪያው ከሠላሳ እጥፍ በላይ ያንሳል። በፈሳሽ ምግብ ውስጥ ስለሚራባም በመስክ ጣቢያም በበርሜል ማብዛት ይቻላል።

የዚህ ባክቴሪያ ልዩ ችሎታ ዩሪዬዝ የሚባለውን ኢንዛይም በብዛት ማምረቱ ነው። ዩሪያን ታውቁታላችሁ፤ ገበሬው በማሳው ላይ የሚበትነው ነጩ ማዳበሪያ ነው፤ በሰውና በእንስሳት ሽንት ውስጥም አለ። ዩሪዬዝ አንዱን የዩሪያ ሞለኪውል ሰባብሮ ሁለት አሞኒየም እና አንድ ካርቦኔት ያወጣል። በዚህ ጊዜ የውሃው አሲድነት ይቀንሳል፤ ፒኤች የሚባለው መለኪያው ከፍ ብሎ 9 አካባቢ ይደርሳል። በዚያው ውሃ ውስጥ የሟሟ ካልሲየም ካለ ካርቦኔቱ ከእሱ ጋር ተጣምሮ ካልሲየም ካርቦኔት ይሆናል፤ ከውሃውም ተለይቶ ይረጋል። በክሪስታል መልክ ሲረጋ ካልሳይት እንለዋለን። የኖራ ድንጋይም እብነ በረድም በዋናነት የተሠሩት ከዚሁ ማዕድን ነው። ካልሲየሙ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ በካልሲየም ክሎራይድ መልክ ነው፤ በብርዳማ አገሮች በረዶ ለማቅለጥ በመንገድ ላይ የሚበትኑት ጨው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የባክቴሪያው የውጭ ልባስ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ስላለው አዎንታዊውን ካልሲየም ወደ ራሱ ይስባል። በዚህ የተነሳ ካልሳይቱ ብዙ ጊዜ መርጋት የሚጀምረው በራሱ በባክቴሪያው ገላ ላይ ነው። ሥራው እየገፋ ሲሄድ ሠራተኛው በሠራው ድንጋይ ይከበባል፤ ምግብም ዩሪያም አይደርሰውም፤ እዚያው ተቀብሮ ይቀራል። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በተነሱ ፎቶግራፎች ላይ የካልሳይቱን ፊት ቀርቦ ያየ ሰው በዘንግ ቅርጽ የተፈለፈሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች ያገኛል። እያንዳንዷ ጉድጓድ አንድ ባክቴሪያ የተቀበረባት ቦታ ናት። ይህ እንዲሁ የሚያስደንቅ ትዕይንት ብቻ አይደለም፤ ባክቴሪያው ከነሥራው ስለሚቀበር ብዙ ጊዜ አዲስ ባክቴሪያ ደጋግሞ መላክ ግድ ይሆናል።

(አጭር የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ይህ እውቀት በአንድ ቀን አልመጣም። የዩሪዬዝ ታሪክ በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ይሠራ ከነበረው ከጄምስ ሰምነር ይጀምራል። ሰምነር በልጅነቱ በአደን ላይ ሳለ በደረሰበት አደጋ ግራ እጁን አጥቷል፤ ቀድሞ ግራኝ ስለነበር ሁሉን ነገር በቀኝ እጁ እንደ አዲስ መማር ነበረበት። ኬሚስትሪ በአንድ እጅ አይሠራም ያሉትን ሰዎች ሳይሰማ ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1926 ጃክ ቢን ከተባለ የቦሎቄ ዘመድ ዩሪዬዝን አውጥቶ በክሪስታል መልክ አረጋው። ኢንዛይም በዚህ መልክ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ የመጀመሪያው ነበር። ኢንዛይሞች ፕሮቲን መሆናቸውን ያሳየው ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1946 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን አስገኝቶለታል። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ የስፔን ተመራማሪዎች ካልሳይት መሥራት የአንድ ለየት ያለ ባክቴሪያ ሙያ እንዳልሆነ፣ በአፈር ባክቴሪያዎች ዘንድ የተለመደ ነገር እንደሆነ በኔቸር መጽሔት አስነበቡ። ከዚያ በኋላ ተግባሩ ተከተለ። በፈረንሳይ ቱዋር ከተማ የሚገኘው የቅዱስ ሜዳር ቤተ ክርስቲያን የድንጋይ ገጽ እ.ኤ.አ. በ1993 በባክቴሪያ በተሠራ ካልሳይት ታከመ። በአሜሪካ ደቡብ ዳኮታ የኮንክሪትና የግራናይት ስንጥቆችን በዚሁ መንገድ መድፈን ተሞከረ። በሆላንድ ዴልፍት ዩኒቨርሲቲ 100 ሜትር ኩብ አሸዋ በባክቴሪያ ወደ ድንጋይነት እንዲጠጥር ተደረገ።

የዓለት ስንጥቅ በመስክ ላይ ግን ሌላ ፈተና ነው። የብሪታንያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት ከመሬት በታች ያለ ዓለት ላይ በዚህ መንገድ የመጀመሪያውን የመስክ ሙከራ ማድረጋቸውን ገልጸዋል። መጀመሪያ ባክቴሪያው በስንጥቁ ውስጥ ገብቶ እንዲጣበቅ ተደረገ፤ ከዚያ ዩሪያና ካልሲየም ክሎራይድ ያለበት ውሃ ተከተለ። በ17 ሰዓት ገደማ ሕክምና ብቻ የአንድ ስንጥቅ የማሳለፍ አቅም በብዙ ካሬ ሜትር ስፋት ላይ በከፍተኛ ደረጃ ወረደ። በዚህ ጊዜ የረጋው ካልሳይት 750 ግራም ያህል ነበር። ይህን ቁጥር ቆም ብላችሁ አስቡት። የካልሳይት እፍጋት በሊትር 2.7 ኪሎ ግራም ስለሆነ 750 ግራም የሚይዘው ቦታ ከአንድ ሦስተኛ ሊትር ያነሰ ነው። ያቺ ጥቂት ማዕድን ብዙ ካሬ ሜትር ስንጥቅ ላይ ለውጥ ያመጣችው ቀድሞ ባየነው የኩብ ሕግ ምክንያት ነው።

የአላባማው ሙከራ ከዚህ ጠለቅ ይላል። ቦታው ጎርጋስ ይባላል፤ ሥራው የተከናወነው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። የሞንታና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመረጡት ስንጥቅ ከመሬት ወለል 340.8 ሜትር ወርዶ በአሸዋ ድንጋይ ንጣፍ ውስጥ ይገኛል። በዚያ ጥልቀት ያለን ስንጥቅ ማንም በዓይኑ አያየውም፣ በእጁም አይነካውም። ያላቸው መሣሪያ የነዳጅ ጉድጓድ ሠራተኞች ዕለት ተዕለት የሚጠቀሙበት ነው። አንደኛው ፓከር ነው፤ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ አንዱን ክፍል ከሌላው የሚለይ ውታፍ ማለት ነው። ሁለተኛው ቤይለር ነው፤ ፈሳሽ ሞልቶ በሽቦ ገመድ ወርዶ የያዘውን በተፈለገው ጥልቀት የሚያፈስ ረጅም ቧንቧ ነው። አዲስ ማሽን መፈልሰፍ አላስፈለገም፤ እኔ በግሌ ከሙከራው ሁሉ የወደድኩት ይህንን ነው። የተለመደ መሣሪያ የሚይዝ ሠራተኛ ነገ ሊሠራው የሚችለው ሥራ ሆነ።

በጥቂት ቀናት ውስጥ 6 ጊዜ ባክቴሪያ፣ 24 ጊዜ ደግሞ የዩሪያና የካልሲየም ውሃ ወደ ስንጥቁ ተላከ። ውጤቱን በሦስት መንገድ ለኩት። አንደኛ፣ ስንጥቁ የሚቀበለው ውሃ በደቂቃ ከ1.9 ሊትር ወደ 0.47 ሊትር ወረደ፤ ወደ ሩብ መሆኑ ነው። ሌላው ሁሉ እኩል ቢሆን፣ በኩብ ሕጉ ስናሰላው ክፍተቱ በአማካይ ከሦስት እጅ አንድ እጅ በትንሹ በልጦ ቢጠብ ይህን ያህል ለውጥ ይመጣል። ሁለተኛ፣ ውሃ በግፊት አስገብተው፣ ቫልቩን ዘግተው፣ ግፊቱ እንዴት እንደሚወርድ ተከታተሉ። ስንጥቁ የሚያፈስ ከሆነ ግፊቱ ይሸሻል፣ የታሸገ ከሆነ ይቆያል። ከሕክምናው በፊት ግፊቱ ከ30 በመቶ በላይ ይወርድ ነበር፤ ከሕክምናው በኋላ 7 በመቶ ብቻ ወረደ። ሦስተኛውና ለእኔ ይበልጥ አሳማኙ፣ ያንን ስንጥቅ በውሃ ግፊት እንደገና ለመክፈት ሞከሩ። ስንጥቁን ለማስረዘም ከበፊቱ የበለጠ ግፊት አስፈለገ። እዚያ ታች የረጋው ነገር ውሃውን የዘጋ ጭቃ ብቻ አልነበረም፤ የተሰነጠቀውን ዓለት መልሶ ይዞት ነበር።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ክፍል እንምጣ። ባክቴሪያውን፣ ዩሪያውን፣ ካልሲየሙን ሁሉ በአንድ በርሜል ቀላቅሎ ወደ ስንጥቁ መልቀቅ ቀላሉ መንገድ ይመስላል። እንዲያ ከተደረገ ካልሳይቱ ገና በመግቢያው ላይ ይረጋል፤ የስንጥቁ አፍ ይዘጋል፤ ሆዱ ግን ክፍት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ነው ባክቴሪያው ቀድሞ ሄዶ ቦታ ቦታውን የሚይዘው፤ ምግቡና ካልሲየሙ የሚከተሉት። ለየብቻ መላክም ቢሆን ሂሳብ ይጠይቃል። ፈሳሹ በዝግታ ከሄደ ሩቅ ሳይደርስ ይረጋል፤ በፍጥነት ከሄደ ባክቴሪያው ዓለቱ ላይ ሳይጣበቅ ታጥቦ ያልፋል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ቅልቅሉን መጀመሪያ በትንሽ አሲድ አቆይቶ፣ ካልሳይቱ ለመርጋት የሚጠብቀው የፒኤች መውጣት ጊዜ እንዲወስድ፣ በዚያ መካከልም ፈሳሹ ውስጥ ድረስ እንዲዘልቅ የሚያደርግ ዘዴ በአሸዋ ላይ ተሞክሯል።

በልባችሁ ያዙት ያልኳችሁ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በስኮትላንድ ስትራትክላይድ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ተመራማሪዎች በስንጥቅ ውስጥ ካልሳይት ሲረጋ የውሃውን አካሄድ ተከታትለዋል። ካልሳይቱ ውሃው ቀስ የሚልባቸውን ቦታዎች ቶሎ ይሞላል። ውሃው ደግሞ በቀሩት ክፍት መንገዶች ይሰበሰባል፤ በጠበበ ቦታ ተሰብስቦ ሲሄድ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ባክቴሪያው ለመጣበቅ፣ ካልሳይቱም ለመርጋት ይቸገራሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ ውሃው ለራሱ ቦይ ያበጃል። ዘጠኝ አሥረኛው የተደፈነ ስንጥቅ በቀረችው ቦይ ማፍሰሱን ሊቀጥል ይችላል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ፈሳሹ የሚላክበትን ፍጥነት በየደረጃው መቀያየር፣ አንዳንዴም ውሃውን ለሰዓታት አቁሞ ባክቴሪያውን ማሳረፍ የሥራው ዋና ጥበብ ሆኗል።

ሌላው ችግር ኬሚስትሪው የሚተወው ቅሪት ነው፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ አድማጮቼን በደልኩ ማለት ነው። አንድ ኪሎ ግራም ካልሳይት ለማርጋት 600 ግራም ዩሪያ፣ 1.1 ኪሎ ግራም ካልሲየም ክሎራይድ ያስፈልጋል። ሥራው ሲያልቅ 360 ግራም አሞኒየም በውሃው ውስጥ ይቀራል፤ ክሎራይዱም አለ። አሞኒየም በአፈርና በውሃ ውስጥ ባሉ ሌሎች ባክቴሪያዎች አማካይነት ወደ ናይትሬት ይለወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ የሚፈቅደው የናይትሬት መጠን በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ በተለይ በጡጦ የሚያድጉ ሕፃናትን ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ያ 360 ግራም አሞኒየም በሙሉ ወደ ናይትሬት ቢለወጥ 25,000 ሊትር ያህል ንጹሕ ውሃ እስከዚያ ወሰን ድረስ ለማድረስ ይበቃል። አንድ ኪሎ ካልሳይት ብቻ ነው ያልኩት። ስለዚህ ከሕክምናው በኋላ ስንጥቁን ማጠብ፣ የታጠበውን ውሃ በፓምፕ መልሶ ማውጣት የግድ ነው። የወጣው ውሃ ናይትሮጅን ስላለው ለማዳበሪያነት ሊታሰብ ይችላል፤ ሆኖም ክሎራይዱ ለማሳ ስለማይስማማ በቀጥታ አይረጭም። ዩሪያን ትተው ናይትሬትን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ በሚቀይሩ ባክቴሪያዎች ካልሳይት የሚያረጉ ተመራማሪዎችም አሉ። አሞኒየም አይቀርም፣ ሥራው ግን ከዩሪያው መንገድ በጣም ይዘገያል። ጉድጓዱ ሰው በሚጠጣው ውሃ አጠገብ ከሆነ እኔ ዘገምተኛውን እመርጣለሁ።

ካልሳይት አሲድ እንደማይችልም አትርሱ። የሥነ ምድር ተማሪ የኖራ ድንጋይን ለመለየት የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ ሲያደርግበት አረፋ የሚወጣው ድንጋዩ እየሟሟ ስለሆነ ነው። አሲድነት ያለው የማዕድን ማውጫ ውሃ በሚያልፍበት ስንጥቅ ባክቴሪያው የሠራው ሁሉ እየተበላ ይሄዳል።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በትግራይ በርካታ አነስተኛ የመስኖ ግድቦች ተሠርተዋል። ከእነሱ ብዙዎቹን ያስቸገሩት ሁለት ነገሮች ደለልና የውሃ ስርገት ናቸው። በመቀሌ ዙሪያ ያለው ምድር የኖራ ድንጋይና ሸል የሚፈራረቁበት፣ በየመካከሉም ከቀለጠ ዓለት የተፈጠረው ዶለራይት የሚባለው ድንጋይ የገባበት ነው። ድንጋዩ በንጣፎቹ መካከልና በስንጥቆቹ ውሃ ያሳልፋል። ታዲያ ባክቴሪያው ለእነዚህ ግድቦች ይሆናል ወይ? ለግድቡ ወለል በሙሉ አይሆንም፤ በሄክታር የሚቆጠር መሬት በዚህ መንገድ ማከም የዩሪያውም ዋጋ የአሞኒየሙም ጣጣ አያስችልም፤ እዚያ የተጠቀጠቀ ሸክላ አፈር ይሻላል። ውሃ ያሟሟው ሰፊ ዋሻ ላለበት የኖራ ድንጋይም አይሆንም። የታወቀ፣ የተለካ፣ ሲሚንቶ ገብቶት አልዘጋ ያለ ጠባብ ስንጥቅ ግን፣ ለምሳሌ ግድቡ ከጎን ተራራው ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ መሞከር የሚገባው ይመስለኛል። ዩሪያ በአገራችን የሚታወቅ ዕቃ ነው፤ ባክቴሪያውን ማራባት የሚችል የማይክሮባዮሎጂ ቤተ ሙከራ ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎችም አሉን።

ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ግን ከግድቡ በታች ያለው ሰው ነው። በአንዳንዶቹ ግድቦች ከሥር የሚሰርገው ውሃ ታች ወጥቶ ምንጭ ሆኗል፤ ገበሬዎች ቦይ ቀደው ሽንኩርትና ቲማቲም ያለሙበታል። መሐንዲሱ ብክነት ያለው ውሃ ለእነሱ የዓመቱ እህል ነው። ስንጥቁ ቢደፈን ግድቡ ሞልቶ በላይኛው ቦይ የሚጠቀም ሰው ይደሰታል፣ የታችኛው ሰው ማሳ ይደርቃል። ይህን ሳያጣራ ፓምፕ የሚያስነሳ ባለሙያ ሥራውን ከመካከል ጀመረ እላለሁ።

በላሊበላስ ሞክሩት የሚል ሐሳብ ሊመጣ እንደሚችል ይገባኛል፤ ከአንድ ዓለት የተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት በጣሪያቸው ስንጥቅ የዝናብ ውሃ ይሰርግባቸዋልና። የቱዋሩ ቤተ ክርስቲያን የኖራ ድንጋይ ነው፤ ካልሳይት ለእሱ የገዛ ሥጋው ነው። የላሊበላው ግን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። በዚያ ላይ የሚቀረው ጨው በድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ ሲደርቅ ክሪስታል ሆኖ ድንጋዩን ከውስጥ ሊያፈርሰው ይችላል፤ ገጹ ከታሸገም ውስጥ ያለው እርጥበት መውጫ ያጣል። ከዚያው ድንጋይ በተቆረጠ ናሙና ላይ ለብዙ ክረምት ሳይፈተን ወደ ቅርሱ መጠጋት አይገባም።

ከመሰናበቴ በፊት ለተማሪዎች አንድ ሥራ ልስጥ። ዩሪዬዝ በጥሬ አኩሪ አተርም ውስጥ አለ። እንዲያውም ከባክቴሪያው ይልቅ ከእህል የወጣ ኢንዛይም ብቻ ወደ ስንጥቅ የሚልኩ ተመራማሪዎች አሉ፤ የኢንዛይሙ ሞለኪውል ከባክቴሪያው ከመቶ እጥፍ በላይ ስለሚያንስ ይበልጥ ጠባብ ቦታ ይገባል። ያልተቆላ አኩሪ አተር ፈጭታችሁ አንድ ማንኪያ በግማሽ ብርጭቆ ውሃ ለግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉ፤ ከዚያ በጨርቅ አጥልሉት። በሌላ ብርጭቆ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ በውሃ አሟሙ። ቀይ ሊትመስ ወረቀት በሁለቱም ውስጥ ነክራችሁ ቀለሙ እንዳልተለወጠ አረጋግጡ። ከዚያ ሁለቱን ቀላቅሉ፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ጠብቃችሁ እንደገና ሊትመስ ንከሩበት። ወረቀቱ ሰማያዊ ይሆናል፤ የአሞኒያ ሽታም ይሰማችኋል። መስኮት ክፈቱ፤ አፍንጫችሁን ብርጭቆው ላይ አትድፉ፤ ማንም እንዳይቀምሰው፤ ብርጭቆዎቹም ለመጠጥ የማይውሉ ይሁኑ። ቀጥሎ ሙከራውን በሌላ አኩሪ አተር ድገሙት፤ አሁን ግን የተጠለለውን ውሃ ከዩሪያው ጋር ከመቀላቀላችሁ በፊት አፍልታችሁ አቀዝቅዙት። ሊትመሱ በዚህኛው ምን እንዳሳያችሁ፣ ለምንስ እንደዚያ እንደሆነ፣ ሰምነር ስለ ኢንዛይሞች ካረጋገጠው ነገር ጋር አያይዛችሁ ጻፉልንና በሚቀጥለው ዝግጅት እናነበዋለን። ደህና ሁኑ።